ሰባቱ እያንኳኩ አንዷ ዝም ካለች

መሣሪያዎቼን የሸጥኩ ዕለት ገዢው አንድ ነገር ብቻ ሳይወስድ ቀረ። ቁልፎቹን በየቁጥራቸው ደረደረ፣ ክሪኩን ከፍ ዝቅ አድርጎ ፈተነ፣ ካቻቢቴዎቹን በጆንያ ጠቀለለ። በመጨረሻ ከግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የሚሆን የወይራ ዘንግ አወረደና አገላብጦ አየው። አንደኛው ጫፍ በዘይት ጠቁሯል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ጥልቅ የጥርስ ምልክት አለበት።

"ይሄን ደግሞ ውሻ ነው ያኘከው?" አለኝ። እንደዚያ ያለኝ መሰለኝ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። ጆሮዬ ዛሬ ዛሬ ከሰው አፍ ግማሹን ብቻ ነው የሚያመጣልኝ።

"እሱ አይሸጥም" አልኩት።

አሰላ ላይ አርባ ዓመት ያህል ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። የዛሬ መኪና በገመድ ከመሣሪያ ጋር ይገናኝና ሕመሙን ራሱ ይናገራል። መካኒኩ የሚያነበው ከመስታወት ላይ ነው። አላማርርም፤ እኔም በዘመኔ የቀደሙኝን ሰዎች "ያረጀ አሠራር" እያልኩ ስቄባቸዋለሁ። ጋራዤን የዘጋሁት በመሣሪያው ምክንያት አይደለም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሞተሩን አስነሥቶ "ይሰማሃል?" ሲለኝ ምንም ሳይሰማኝ "አዎ" አልኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ አፈርኩ። በሳምንቱ በሩን ቆለፍኩ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ግን ስለ ራሴ ጡረታ ለማውራት አይደለም። ጋሽ ቱፋ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ባላጠፉት ጥፋት ስማቸው ሲነሣ ኖረ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ይህን ደግሞ ለመናገር ሁለት ጊዜ ዕድል አግኝቼ፣ አንዱን በፍርሃት፣ ሌላውን ባለማወቅ አሳልፌዋለሁ።

ወደ ሥራው የገባሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። አባቴ ቅዳሴ እንድማር ይፈልግ ነበር፤ እኔ ልቤ ከትራክተር ጋር ሄደ። የመንግሥት እርሻው ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃ ነበር፣ ከዚያ በላይ ስለሱ የሚባል የለም። አለቃዬ ጋሽ ቱፋ ነበሩ። የኢተያ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ። ከኋላ ሲጠሯቸው አይዞሩም። ሠራተኛው "ኮርተው ነው" ይላል። ሰላምታ ሳይመልሱ ያልፋሉ። አንዳንዱ ከዚህም አልፎ "እንጨት በላው" የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሞተር የሚተነፍሰው በቫልቭ ነው። የዚያን ጊዜዋ ቮልስ፣ ሞተሯ ከኋላ ያለው ክቧ መኪና፣ አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቮች አሏት። አራቱ አየርና ቤንዚን ያስገባሉ፣ አራቱ የተቃጠለውን ያስወጣሉ። በእያንዳንዱ ቫልቭና ቫልቩን በሚገፋው ሮከር መካከል ከወረቀት ውፍረት ብዙ የማይበልጥ ክፍተት መኖር አለበት። ያ ክፍተት ነው ቀጭ ቀጭ የሚለው። ብረቱ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋና ድምፁ ያይላል፤ ባለመኪናውም ደንግጦ ይመጣል። ሌላም ዓይነት ማለቅ አለ። ቫልቩ በእሳት ብዛት ይለጠጣል፣ መቀመጫው ይሰጥማል፣ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ያን ጊዜ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ቫልቩ ግጥም ብሎ አይዘጋም፣ ሙቀቱን የሚያራግፍበት አያገኝም፣ ውስጥ ለውስጥ ይቃጠላል። ባለመኪናው ግን "ሞተሬ ጸጥ አለልኝ" ብሎ ደስ ይለዋል። ጋሽ ቱፋ የሚፈሩት ይህንን ዝም ያለውን ነበር።

ልማዶቻቸው ብዙ ነበሩ። ሞተር ሳይቀዘቅዝ ክፍተት አይለኩም፤ "ሞተር ሲሞቅ ይዋሻል" ይላሉ። መለኪያውን ከመያዛቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። የሮከሩ ጫፍ ሲበላ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፤ ጠፍጣፋው መለኪያ ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፍና ልክ ነው ያሰኛል። ስለዚህ መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳብሱታል። ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ብጣሽ ወረቀት ይይዛሉ። ቫልቩ ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቻ ይርገበገባል፤ ከተቃጠለ አንዳንዴ ወደ ውስጥ ይሳባል። ባለመኪናውን ደግሞ ፊት ለፊታቸው አቁመው "ፊቴን እያየህ ንገረኝ" ይሉታል። ነግሯቸው ሲጨርስ "ድገመው" ይላሉ።

ከሁሉም የሚያስቀው የወይራ ዘንጋቸው ነበር። ሌላው መካኒክ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ጋሽ ቱፋ የዘንጉን አንድ ጫፍ የቫልቩ ክዳን ላይ ይተክሉና ሌላኛውን ጫፍ በክራንቻቸው ይነክሱታል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምራቃቸው እየወረደ፣ እንደዚያ ይቆያሉ። እንግዳ ሰው ሲመጣ እኔ ወደ ሌላ ቦታ እሄድ ነበር። የእኔ አለቃ እንጨት ሲያኝክ መታየቱ ያሳፍረኝ ነበር።

በመኸር ወራት ሲሬ እንላካለን። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር ከቆመ እንቅልፍ የለም። እዚያ ነው ጆሮዬ ስም ያወጣው። ከሩቅ ሰምቼ "ብሮንዚኑ ነው" ስል እውነትም ሞተሩ ውስጥ ያለው የብሮንዝ ማቀፊያ አልቆ ይገኛል። ሹፌሮቹ "ግርማ ጆሮ" ይሉኝ ጀመር። ስሙ ጣፈጠኝ።

ሲስተር አልማዝን ያወቅኋት በዚያ ዘመን ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ በነርስነት ተመድባ አሰላ መጣች። በሦስትና በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ነጭ ቮልስ ነበረቻት፣ የምትሳሳላት። ቅዳሜ ቅዳሜ የመንግሥት ሠራተኞችን የግል መኪና እንድንሠራ ይፈቀድ ስለነበር እኛ ጋ ታመጣታለች። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷ ተለዋውጦ መጣች።

"እናቴ በጠና ታማለች፤ ነገ ሌሊት መንገድ እጀምራለሁ። እስከ ደሴ እንዲህ እየተንኳኳች ልሂድ?"

ጋሽ ቱፋ ፊቷን እያዩ ሁለት ጊዜ አስነገሯት። ዘንጋቸውን ነከሱ። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው እንዲህ አሉኝ፦ "ሰባቱ ያወራሉ። የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ ዝም ብላለች። የሚንኳኳው ጤነኛው ነው፣ ኢልማ ኮ። ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ እከፍተዋለሁ።" ኢልማ ኮ ሲሉኝ ልጄ ማለታቸው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከሲሬ ተላከባቸው፤ ኮምባይነር ቆሟል። የሥራ ካርዶች ከሳቸው ፊርማ ውጪ አይወጡም ነበር። ሲቸኩሉ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ባዶ ካርዶች ላይ ፈርመው ሰጡኝ። "ቮልሷን ግን እንዳትነካ። ሴትዮዋን ንገራት፣ አንድ ቀን ትታገሥ" ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር አልማዝ ተመልሳ መጣች። ሌላ መልእክት ደርሷታል፤ እናቷ ደክመዋል። "ግርማ፣ እባክህ፣ አንተ እኮ ጆሮ ነህ ይሉሃል" አለችኝ። ሞተሩን አስነሥቼ በካቻቢቴ አዳመጥኩ። የሰባቱ ኳኳታ ነው የሚሰማኝ። ዝም ያለ ነገር እንዴት ይሰማል? ሽማግሌው ተሳስተዋል አልኩ። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኖቹን ከፍቼ የሁሉንም ክፍተት አጠበብኩ። ሦስተኛዋ ላይ መለኪያው ጨርሶ አልገባም። "ሙቀቱ ነው" ብዬ አለፍኳት። ሲነሣ ሞተሩ ጸጥ አለ፣ እንደ ስፌት መኪና። ሲስተር አልማዝ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

"እንደ አዲስ ሆነች! እግዜር ይስጥህ!"

ካርዱን ሞላሁት። ከታች የጋሽ ቱፋ ፊርማ ነበረበት። እሳቸው ከሲሬ ሲመለሱ፣ ሴትዮዋ አልታገሠችም፣ ይዛት ሄደች አልኳቸው።

ቮልሷ ከአዲስ አበባ አልፋ ደብረ ብርሃን ሳትደርስ አቀበት ላይ ቆመች። የሦስተኛው ማስወጫ ቫልቭ ራሱ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል። ሲስተር አልማዝ መንገድ ዳር ቀን ሙሉ ቆማ፣ ኋላ በጭነት መኪና ተሳፍራ ደሴ ስትደርስ እናቷ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር።

ስትመለስ የክስ ደብዳቤ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን ይዘው ጋራዥ መጡ። አፋቸውን የሚሸፍን ወፍራም ጺም ያላቸው ሰው ነበሩ። አጠገባችን ትራክተር ተነሥቶ ያጓራል። ካርዱን አጥፈው ፊርማውን ብቻ ለጋሽ ቱፋ አሳይተው "ይህንን ቫልቭ አንተ ነህ ያስተካከልከው?" አሏቸው። እኔ ጨርቅ ይዤ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ጋሽ ቱፋ የሰውየውን ፊት አዩ፣ ካርዱን አዩ፣ ፊርማቸውን አወቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዎ ጌታዬ" አሉ።

እኔ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤ መጣ፦ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" ይላል፣ ምክንያት አልተጻፈም። ጋሽ ቱፋ ጢቾ ያለችው ትንሽ የጥገና ጣቢያ ተላኩ። አለቅነቱ ለእኔ ሆነ።

ሰውየው ሊያድኑኝ ብለው ጥፋቱን ወሰዱ ብዬ አመንኩ። እንዲህ ያለ ውለታ እንደ ድንጋይ ነው፣ ትሸከመዋለህ እንጂ ማንም አያወርድልህም። በሦስተኛው ዓመት የውሃ ፓምፕ ሞተር ተበላሽቶ እኔም ወደ ጢቾ ተላክሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋሽ ቱፋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ቤተሰባቸው ኢተያ ቀርቷል። የሚያነጋግራቸው ሰው እንደሌለ ከአፋቸው ክብደት ያስታውቃል፤ ቃል ለማውጣት ይቸገሩ ነበር። ሲያዩኝ ግን ፊታቸው በራ።

ሁለት ቀን አብረን ሠራን። በሁለተኛው ቀን ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ሳሉ ከኋላቸው ቆሜ ወኔዬን ሰበሰብኩ። ፊታቸውን እያየሁ መናገር አልቻልኩም ነበርና ጀርባቸውን መረጥኩ።

"ጋሽ ቱፋ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር። አትንካ ያሉኝን ነካሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ቀና አላሉም። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ "ያንን ጨርቅ አቀብለኝ" አሉኝ።

አቀበልኳቸው። እንባዬ መጣ። ይቅርታቸው እንዲህ ነው፣ በቃ፣ ያለፈው አልፏል፣ ሥራ እንሥራ ማለታቸው ነው ብዬ ተረጎምኩት። ስንት ዓመት በዚያች ቃል ኖርኩ! ሌሊት ሲጨንቀኝ አወጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የማንኛውም መካኒክ ታሪክ ነው። ድርጅቱ ተበተነ፣ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፣ ፀሐይ የምትባል ደግ ሴት አገባሁ፣ ዮናስን ወለድን። ጋሽ ቱፋ በጡረታ ኢተያ ገቡ። እየሄድኩ ልጠይቃቸው ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ አረፉ። ልጃቸው ጫልቱ የወይራውን ዘንግ አሰላ ድረስ አመጣችልኝ። "አባቴ ለግርማ ስጡ ብሏል" አለች። ይህንንም የይቅርታ ማረጋገጫ አደረግኩት። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት እንጂ አልተጠቀምኩበትም፤ ጆሮ ያለው ሰው እንጨት አይነክስም ብዬ።

ፀሐይ ከሞተች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ጆሮዬ መድከም የጀመረው እሷ እያለች ነው፤ እሷ ግን ጠጋ ብላ ስለምታወራኝ አላወቅሁትም። ከሞተች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ጸጥታው የሐዘን መሰለኝ። ኋላ በር ላይ ቆመው ያንኳኩ ሰዎች "ደጅህ ጠናኝ" ሲሉኝ፣ ከኋላዬ የጠሩኝ ሰዎች ሲያኮርፉኝ ነገሩ ገባኝ። እኔም ለካ ኮርቼ ነበር። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሲነቀንቅ እነቀንቃለሁ። መጠየቅ ያሳፍራል። ሁለት ጊዜ "ምን አልክ?" ያልከው ሰው በሦስተኛው "ተወው፣ ምንም አይደል" ይልሃል። "ምንም አይደል" እንደሚባል ሰው ብቸኛ የለም።

ባለፈው ፋሲካ ዮናስ ከአዳማ መጥቶ ነበር። እኔ ጓሮ የውሃ ቧንቧውን እያጠበቅኩ ነበር፣ እሱ ከኋላዬ ቆሟል። እጄ ስለራሰ "ያንን ጨርቅ አቀብለኝ" አልኩት። አቀበለኝና ገባ። ምሳ ላይ አላወራም። በማግስቱ ሄደ። በሳምንቱ በስልኬ እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦ "አባዬ፣ እኛ ጋ መጥተህ ኑር ስልህ መልስ እንኳ አልሰጠኸኝም። ካልፈለግህ አላስገድድህም።"

ጽሑፉን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተቀመጥኩ። ስለ ልጄ አዘንኩ፣ ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ጨርቅ። ጢቾ። የጎነበሰ ጀርባ። "ፊቴን እያየህ ንገረኝ።" ከኋላ ሲጠሯቸው የማይዞሩት ሰው። የሥራ አስኪያጁ ጺም፣ የትራክተሩ ጩኸት፣ ያ መነቅነቅ፤ እኔ ራሴ ለቅሶ ቤት የምነቀንቀው መነቅነቅ! ተነሥቼ ዘንጉን ከግድግዳው አወረድኩና የጥርሱን ምልክት በጣቴ ዳበስኩት። ጋሽ ቱፋ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። አልማሩኝም። የሚምሩት ነገር መኖሩንም አልሰሙም።

ለዮናስ መልስ መጻፍ አቃተኝ። ለልጄ አልሰማሁህም ብሎ ማመን ለካ ይህን ያህል ይከብዳል።

አንድ ጠዋት መስኮቴ ላይ ጥላ አየሁ። ሲስተር አልማዝ ናት፣ ነጠላዋን እያወዛወዘች። በሩን ብዙ ጊዜ አንኳኩታለች መሰለኝ። ደሴ አልተመለሰችም፤ እዚሁ አግብታ፣ እዚሁ ጡረታ ወጥታ፣ እዚሁ ባሏን ቀብራለች። ያችን ቮልስ በሌላ ሞተር አስነሥታ እስከ ዛሬ ይዛታለች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ በሰላምታ ብቻ እንተላለፍ ነበር።

"አቀበት እምቢ አለችኝ። የጋራዥ ልጆቹ ጋ ወሰድኳት፤ ገመዱን የሚሰኩበት ቀዳዳ አጡላት" አለችኝ ጠጋ ብላ።

"መሣሪያ ሸጫለሁ፣ ሲስተር። ጆሮዬም ሄዷል።"

"ታዲያ ማን ጋ ልሂድ?"

በማግስቱ በጠዋት ግቢዋ ደረስኩ። የጭላሎ ተራራ ደመናውን አልገለጠም፤ ሞተሩ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ከእሷ ሳሙና ተቀብዬ እጄን ታጠብኩ። ሞተሩን በእጅ አዞርኩት። ሦስቱ ሲሊንደሮች ጋ እጄን ይገፋኛል፣ አንዱ ጋ ባዶ ነው። ብጣሽ ወረቀት ሰጥቻት ጭስ ማውጫው ላይ እንድትይዝልኝ አደረግኩና አስነሣሁት። ወረቀቱ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከዚያ ዘንጉን ክዳኑ ላይ ተከልኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ነከስኩት። ጥርሶቼ በጋሽ ቱፋ ጥርስ ምልክት ውስጥ ገቡ።

በጆሮዬ ያልመጣው በመንጋጋዬ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እያንዳንዷ ለብቻዋ ጥርሴን ትነካለች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምራቄ ወረደ፣ አላፈርኩም። ስቆጥር ሰባት ናቸው። ዘንጉን ወደ ሦስተኛዋ አስጠጋሁት፤ ዝም። ሰውየው ያን ቅዳሜ የሰሙት ይህንን ነበር። እኔ ባለ ጆሮው ያልሰማሁት።

ሞተሩን አጠፋሁና ተቀመጥኩ፤ ድንጋይ ላይ። ያን ጊዜ እኔ እንደሆንኩ፣ ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ ቀድሞ የተፈረመ እንደነበር፣ ጋሽ ቱፋ አትንካ እንዳሉኝ፣ ሲጠየቁም እንዳልሰሙ፣ እኔ ግን እንደሰማሁና ዝም እንዳልኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። "እናትዎን ሳይቀብሩ የቀሩት በእኔ ነው" አልኳት።

ሲስተር አልማዝ ወደ መኪናዋ ዞረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁ፤ ድምፁ አልመጣልኝም። ራሴን ለመነቅነቅ ጀመርኩ፣ እንደ ልማዴ። መሐል ላይ አቆምኩት።

"ሲስተር፣ አልሰማሁም። ፊቴን እያዩ ይድገሙልኝ።"

መጥታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል። "ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ነው ያልኩህ። ሐዘኑ ሲያንገበግበኝ የማንንም ስም ፈለግኩ፣ ካርዱ ላይ ያገኘሁትን ወሰድኩ። ሰውየውን አንድ ቀን ጠርቼ አልጠየቅሁትም። አንተን ተናድጄብሃለሁ፣ ግርማ፤ በጣም። ግን ይቅርታውን ከእኔ አትፈልገው። እኔም ይቅርታ የምጠይቀው እሱኑ ነው። የቀረ ሰው አለው?"

"ልጁ ኢተያ አለች።"

"እንግዲያ ሥራትና በዚህችው እንሄዳለን።"

አሥር ቀን ፈጀብኝ። ቁልፍና መለኪያ ተውሼ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ አወረድኩ፤ ቫልቩ ጠርዙ ተበልቶ እንደ ተነከሰ ብስኩት ሆኗል። ምትኩ በስንት ልመና ከአዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ተራ መጣ። መቀመጫውን በሸካራ ቅባት በእጄ እያሸሁ ሦስት ቀን አለሰለስኩት፣ ዙሪያው አንድ ዓይነት ግራጫ እስኪሆን። ክፍተቱን በቀዝቃዛ ጠዋት ለካሁ። ከልኩ ጠበብ አላደረግኩም።

ጫልቱ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። የመጣንበትን ነገርኳት፣ ፊቷን እያየሁ።

"ጆሮው እንደማይሰማ ቤት ሁላችንም እናውቃለን" አለች። "ከሥራ ያስወጡኛል ብሎ አትናገሩ ይለናል። ጢቾ ስለላኩት ነገር እስኪሞት ይጠይቅ ነበር። 'ምን አጥፍቼ ነው? ማንም አልነገረኝም' ይላል። ነግረውታል ለካ። አንተም ነግረኸዋል ለካ። አልሰማም እንጂ።"

ሲስተር አልማዝ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

ጫልቱ ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን፣ አጥር ጥግ የነበሩትን ሁለት ጎረቤቶችም ጠራች። አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አሁን ቆመህ ድገመው። ጮክ ብለህ። አያታቸው ቱፋ ያላጠፋ ሰው እንደሆነ ይስሙ።"

ቆምኩና ደገምኩት። አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ። ልናገረው ስፈራው የኖርኩት ነገር በሁለት ቋንቋ አምስት ደቂቃ አልሞላም። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ የሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ወተት ሰጠችን። ስንነሣ ዘንጉን ዘረጋሁላት፤ የአባቷ ነው፣ እነሱ ጋ ይቀመጥ ብዬ። ተቀብላ ጫፉን አየችና መለሰችልኝ።

"አሁን ያንተም ጥርስ አለበት" አለች።

ወደ አሰላ ስንመለስ ስንዴው በግራና በቀኝ ቢጫ ሆኖ ነበር። አቀበቱን ቮልሷ ሳትለግም ወጣችው። እኔ ግን ምንም አይሰማኝም፤ የሚንቀጠቀጠውን ወንበር ብቻ ነው የማውቀው። ሲስተር አልማዝ ወደ እኔ ዞር ብላ እንድታየኝ ትከሻዋን ነካሁ።

"ታንኳኳለች?"

አፏን በሰፊው ከፍታ ቃሉን ለያይታ ነገረችኝ። "ታንኳኳለች። ስምንቱም።"

"እግዜር ይመስገን" አልኩ።

ቤቴ ስገባ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር። ስልኬን አወጣሁና ለዮናስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ልጄ፣ ያን ቀን ጓሮ ያልከኝን አልሰማሁህም። ጆሮዬ አይሰማም፤ ለመናገር አፍሬ ነው። እባክህ እንደገና ጠይቀኝ።" ላክሁት። መልሱ ሲመጣ ስልኩ እንደሚጮህ አውቃለሁ፣ ጩኸቱ ግን አይደርሰኝም። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና መዳፌን ከላዩ ጫንኩ፤ ሲነዝር እንዲሰማኝ። እስካሁን እንደዚያው ተቀምጫለሁ።